ሥልጣን የሌለው ኃላፊነት፦ በኢንፌክሽን መከላከል ሙያ ማደግ

የዛሬው ዝግጅታችን በጤና ተቋም ውስጥ ለምትሠሩ ነው፤ ለነርሶች፣ ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ለአካባቢ ጤና ባለሙያዎች፣ በአጠቃላይ ኢንፌክሽን የመከላከሉ ሥራ በአደራ ለተሰጣችሁ ሁሉ። አንዳንዶቻችሁ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሆናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ቨርጂንያ ወይም ሚኒሶታ ውስጥ የነርሲንግ ሆም የሌሊት ሺፍት ጨርሳችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ ታዳምጡን ይሆናል። የምንነጋገረው በሙያ ማኅበር ውስጥ መሳተፍ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያን እንዴት እንደሚያሳድገው ነው። በዝግጅቱ የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሥራው እንጀምር። ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና የገባ ወጣት ቁስሉ አመርቅዞ ወር ሙሉ ይተኛል። በሰላም የተገላገለች እናት በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይይዛታል። ካቴተር የገባላቸው አዛውንት የሽንት ቧንቧቸው ተመርዞ ራሳቸውን ይስታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በሀብታም አገሮች ለአጣዳፊ ሕክምና ሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን 7ቱ፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ደግሞ 15ቱ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ አንድ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በዚህ ከሚያዙት መካከል በአማካይ ከአሥሩ አንዱ ይሞታል። ሊድን የመጣ ሰው ነው የሚሞተው።

ይህን እንዲገታ የተመደበው ባለሙያ ቀኑን እንዴት ያሳልፋል? ጠዋት የካልቸር ውጤቶችን ያገላብጣል። ዋርድ ገብቶ ካቴተር ያለባቸውን ሕሙማን እየቆጠረ “ይሄ እስከ ዛሬ ለምን አልወጣም?” ብሎ ይጠይቃል። የአውቶክሌቩ መዝገብ መሞላቱን ያያል። ከሦስት አራተኛው በላይ የሞላ ሴፍቲ ቦክስ ካገኘ ያስነሣል። በረኪናው በትክክለኛው መጠን መበጥበጡን ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ ያረጋግጣል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጓንቱን ሳይቀይር ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደውን ሐኪም አግኝቶ ማነጋገር ይኖርበታል።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ የእሱ የበታች አይደለም። የጽዳት ሠራተኛዋ ተጠሪነቷ ለሌላ ክፍል ነው። የጓንትና የሳሙና በጀት ያለው በሥራ አስኪያጁ እጅ ነው። በተቋሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ሲበረክት “የት ነበርክ?” የሚባለው ግን እሱ ነው። ማንንም ማዘዝ አይችልም፤ ያለው መሣሪያ ማስረጃ፣ ትዕግሥትና አንደበት ነው። በዚያ ላይ ብቻውን ነው። በአንድ ሆስፒታል ብዙ የዋርድ ነርስ፣ ብዙ አዋላጅ ይኖራል፤ ግራ ሲገባው ዞር ብሎ የሚያማክረው ባልደረባ አያጣም። የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ በግቢው ውስጥ አንድ ነው።

የሙያ ማኅበርን ለዚህ ባለሙያ አጥብቄ የምመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። በማኅበር ውስጥም ማንም ማንንም አያዝም። ደመወዝ የለም፤ ከደመወዝ የሚቆረጥ ቅጣትም የለም። የአንድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ብትሆኑ ሥራ የሞላባቸውን፣ ልጆች የሚያሳድጉትን፣ ትናንት ሌሊት ያደሩትን ባልደረቦቻችሁን ማሠራት የምትችሉት አምነውባችሁ እሺ ሲሉ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ የምትለማመዱት ነገር ዋርድ ውስጥ ስትገቡ የሚያስፈልጋችሁ ራሱ ነው። ሰብሳቢነትን ከእኩዮቹ ጋር የተማረ ሰው ስፔሻሊስት ሐኪሙ ፊት ሲቆም ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ታሪኩ ትንሽ እንመለስ፤ ሙያው ከመነሻው የብቸኞች ሙያ ነበር። በ1950ዎቹ ፔኒሲሊን የማይበግረው ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ በየሆስፒታሉ ተሰራጭቶ ነበር። በ1959 በእንግሊዝ አገር ቶርኪ ከተማ የሚገኘው የቶርቤይ ሆስፒታል ኮትሬል የተባሉ ነርስን ለዚሁ ሥራ ብቻ መደበ። በዓለም የመጀመሪያዋ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነርስ ተብለው የሚጠቀሱት እሳቸው ናቸው። ሌሎች ሆስፒታሎች እየተከተሉ መደቡ፤ በ1970 የእንግሊዝ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነርሶች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በአሜሪካም በ1972 ተመሳሳይ ማኅበር ተቋቋመ። የኢንፌክሽን ቁጥጥርና የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያዎች ማኅበር ይባላል፤ ሰው የሚያውቀው ግን ኤፒክ በሚለው አጭር ስሙ ነው። ዛሬ ከ15 ሺህ በላይ አባላት አሉት።

ማኅበሩ ገና ልጅ ሳለ አንድ ትልቅ ጥናት ተጀመረ። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ1974 ጀምሮ የአገሪቱን ሆስፒታሎች አጥንቶ ዋናውን ውጤት በ1985 አሳተመ። የተጠናከረ ቅኝትና ቁጥጥር ያላቸው፣ ለ250 አልጋ አንድ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ነርስ የመደቡ፣ በጉዳዩ የሠለጠነ ሐኪም ያላቸውና የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን ቁጥሩን መልሰው ለቀዶ ሐኪሞቹ የሚነግሩ ሆስፒታሎች ኢንፌክሽናቸውን በ32 በመቶ ያህል መቀነስ እንደሚችሉ አሳየ። ይህ አሠራር በሌላቸው ሆስፒታሎች ደግሞ ኢንፌክሽኑ እየጨመረ ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ቁጥሩን ለሐኪሙ መንገር። አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ሄዶ፣ ከራሱ ከፍ ያለ ባለሙያ ፊት ቆሞ፣ “የእርስዎ ሕሙማን ቁጥር ይኸውና” ማለት ነበረበት። ነርሷ ይህን ለማለት ድፍረቱንም አነጋገሩንም ከየት ታምጣ? በሌላ ሆስፒታል ይህንኑ አድርጋ ከተሳካላት ሴት ብትሰማ ግማሽ መንገድ ሄደች ማለት ነው።

ኤፒክ ራሱን የቻለ የምስክር ወረቀት ቦርድ እንዲቋቋም አደረገ። ቦርዱ በ1981 ተቋቁሞ በ1983 የመጀመሪያውን ፈተና ሰጠ። ዛሬ ሲአይሲ የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ የመጣው ከዚያ ነው። ፈተናው 150 ጥያቄዎች አሉት፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ማረጋገጫው ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ለመፈተን በጤና ነክ ዘርፍ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ትምህርት ያስፈልጋል። ከዚያም በላይ ኢንፌክሽን የመከላከል ኃላፊነት በቀጥታ ይዞ ቢያንስ አንድ ዓመት በሙሉ ጊዜ ወይም ሁለት ዓመት በትርፍ ጊዜ መሥራት፣ ካልሆነም ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ 3,000 ሰዓት መሙላት ይጠይቃል። ይህ ልምድ ለሌላቸው ጀማሪዎች ቦርዱ ሌላ የመግቢያ ደረጃ ማረጋገጫ አለው፤ በረጅም ጊዜ እንክብካቤ ተቋማት ለሚሠሩም የተለየ አዘጋጅቷል። በየአካባቢው ያሉት የማኅበሩ ቅርንጫፎች ብዙ ጊዜ የጥናት ቡድን ያቋቁማሉ። ለፈተና ብቻውን ያጠና ሰው በቡድን ማጥናት ምን ያህል እንደሚያቀል ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀቱ የነገሩ መጨረሻ እንዲመስላችሁ አልፈልግም። ኤፒክ አንድ ባለሙያ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት ምን ምን ማወቅ እንዳለበት የሚያሳይ የብቃት ሞዴል በ2012 አውጥቶ በ2019 አሻሽሎታል። በተሻሻለው ላይ ስድስት ዘርፎች አሉ። የዕለት ተዕለቱ የመከላከልና የመቆጣጠር ሥራ ከስድስቱ አንዱ ነው። ሌሎቹ አመራር፣ የጥራት ማሻሻል፣ የመረጃ ሥርዓት፣ ምርምር፣ እንዲሁም ሙያውን መጠበቅና ማሳደግ ናቸው። ስለ ባክቴሪያው ከመጽሐፍ ይነበባል። አመራርን ግን በግቢው ውስጥ ብቻውን የሆነ ሰው ማንን እየመራ ይለማመደዋል?

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ተግባር እንግባ። በማኅበር ውስጥ ሁለት ዓይነት አባላት አሉ። አንዱ መዋጮውን ከፍሎ በኢሜይል የሚላክለትን የሚያነብ ነው፤ ይህም አይጎዳም። ሌላው ሥራ የሚወስድ ነው። በዕድር ውስጥ ስሙ የሚታወቀው ድንኳን ሲተከል የሚገኘው ሰው ነው፤ የሙያ ማኅበርም ከዚህ አይለይም።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ትንሽ ይሁን። ቃለ ጉባኤ መያዝን ብዙ ሰው ይሸሸዋል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላውቅም። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ስብሰባውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጥሞና ማዳመጥ ግድ ይሆንበታል። ያልገባውን ቃል “ይቅርታ፣ በትክክል እንድጽፈው ይድገሙልኝ” ብሎ ቢጠይቅ ማንም አላዋቂ አይለውም። ማን ምን ሊሠራ ቃል እንደገባ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ለሁሉም የሚጽፈውም እሱ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በአካባቢው ያሉ የሙያው ሰዎች ሁሉ ስሙን ያውቁታል። በእንግሊዝኛ አነጋገሩ የሚሸማቀቅ ወገናችን መጀመሪያ በጽሑፍ ቢታወቅ ከዚያ በኋላ መናገሩ ይቀለዋል።

ሁለተኛው ሥራ ተናጋሪ መጋበዝ ነው። ቅርንጫፎች ለየስብሰባው የሚያስተምር ሰው ይፈልጋሉ። ከክልሉ ወይም ከስቴቱ የጤና ቢሮ ኤፒዲሚዮሎጂስት ለመጋበዝ ደብዳቤ የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ፣ ነገ በተቋማችሁ ወረርሽኝ ሲነሣ የምትደውሉለት ሰው አላችሁ። ሥልጣን የሌለው ሰው ትልቁ ሀብቱ እንዲህ ያለው ትውውቅ ነው። የሥራ ማስታወቂያም ብዙ ጊዜ ከመውጣቱ በፊት የሚሰማው እዚያ ነው፤ ሥራ ስታመለክቱ ከአለቃችሁ ሌላ ስለ ሥራችሁ የሚመሰክር ሰው የምታገኙትም እዚያው ነው። ከአገሩ ርቆ ዘመድ በሌለበት አገር ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የራሳችሁን ሥራ ማቅረብ ነው። በዋርዳችሁ ካቴተር ያለ ምክንያት የሚቆይበትን ቀን ቀንሳችሁ ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊትና ከጨረሳችሁ በኋላ ያለውን ቁጥር፣ ያደረጋችሁትንና ያስቸገራችሁን ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። በቅርንጫፉ ስብሰባ ላይ ለአሥር ደቂቃ ተናገሩት፤ ከዚያ ለዓመታዊው ጉባኤ በፖስተር መልክ ላኩት። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የተቋማችሁን የኢንፌክሽን ቁጥር ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ወደ ውጭ አታውጡ። የሕሙማን ማንነት በምንም መልኩ እንዳይታወቅ አድርጉ፤ በአነስተኛ ሆስፒታል ዕድሜና የገባበት ቀን ብቻ ሰውየውን ሊያሳውቁት ይችላሉ። ፈቃዱን መጠየቅ ራሱ ጥቅም አለው፤ አለቆቻችሁ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ በዚያ አጋጣሚ ያነቡታል።

በአሜሪካ በነርሲንግ ሆም ለምትሠሩ የተለየ መልእክት አለኝ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2016 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከኖቬምበር 2019 መጨረሻ ጀምሮ በሜዲኬር ወይም በሜዲኬድ የሚከፈለው ነርሲንግ ሆም ሁሉ ቢያንስ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ መመደብ አለበት። መነሻ ሙያው ነርስነት፣ የሕክምና ላቦራቶሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ ወይም ተቀራራቢ ዘርፍ ይሁን ይላል፤ በዘርፉም ልዩ ሥልጠና መውሰድ አለበት። ለዚሁ ተብሎ ሲዲሲ በ2019 ያዘጋጀው በኢንተርኔት የሚሰጥ ኮርስ 23 ክፍሎች አሉት፤ ወደ 20 ሰዓት ይፈጃል፤ በነጻ ነው። ከአገር ቤት የላቦራቶሪ ወይም የነርስነት ዲግሪ ይዛችሁ መጥታችሁ ዲግሪው ሻንጣ ውስጥ የቀረባችሁ ብዙ ናችሁ። የትምህርት ማስረጃችሁን አስገምግሙ፤ ኮርሱን ጀምሩ፤ ለነርሲንግ ኃላፊያችሁም ፍላጎታችሁን ንገሩ። ኃላፊዋ ሥራ በዝቶባት ይህን ኃላፊነት ደርባ የያዘችው ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ እንደዚያ ከሆነ የሚያግዛት ሰው ስታገኝ ደስ ይላታል እንጂ አትከፋም።

(አጭር ሙዚቃ)

አገር ቤት ያላችሁስ? በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ የታወቀ ነገር ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2014 የጀመረው ንጹሕና ለጤና ምቹ ተቋም የመፍጠር ንቅናቄ፣ ካሽ የምትሉት፣ ጉዳዩን ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሥራ አስኪያጅ የሁሉም አድርጎታል። የሚጎድለው በየኮሚቴው ያሉትን ሰዎች ከግቢያቸው ውጭ የሚያገናኛቸው መስመር ነው። ለዚህ ያሉትን ማኅበራት ተጠቀሙባቸው። የነርሶች ማኅበር አለ፤ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳል። በእነዚህ ውስጥ ስለ ኢንፌክሽን መከላከል የምትናገሩት እናንተ ብትሆኑ ጉዳዩ መድረክ ያገኛል። ከድንበር ባሻገር ደግሞ የአፍሪካ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ኔትወርክ፣ አይካን፣ አለ። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የመሩት ፕሮፌሰር ሻሂን መህታር በአህጉሩ የዚህ ሙያ ትልቅ ስም ናቸው። ውኃ በሚቆራረጥበት፣ ሁለት ሕሙማን አንድ አልጋ በሚጋሩበት ዋርድ እንዴት እንደሚሠራ ከሚያውቁ ሰዎች መማር የሚቻለው በእንዲህ ያለው መድረክ ነው። አብዛኛው የውጭ መመሪያ የሚጀምረው የቧንቧው ውኃ እንደሚወርድ ቆጥሮ ነው።

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ከሙያ ፈቃድ እድሳት ጋር ከተያያዘ ወዲህ የሙያ ማኅበራት ኮርስ በመስጠት ድርሻ አላቸው። ለፈቃዳችሁ ስትሉ ትወስዱታላችሁ፤ ካልቀረ ለሥራችሁ የሚሆነውን መርጣችሁ ውሰዱ። ስለ አበልም በግልጽ እንነጋገር። አበል የሚከፈልበት ሥልጠና ሲመጣ ስም የሚያስመዘግበው ብዙ ነው፤ አበል በሌለበት የቅዳሜ ጠዋት የማኅበር ስብሰባ ግን ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ደመወዝ የማይበቃበት ኑሮ እንዳለ አውቃለሁ፤ በማንም አልፈርድም። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ክፍል የሚመሩትን፣ መመሪያ ሲዘጋጅ የሚጠሩትን፣ ለማስተማር የሚጋበዙትን ሰዎች ብትጠይቋቸው ያን የቅዳሜ ስብሰባ ያስታውሳሉ።

ከጉዳቱም አንድ ሁለት ልበል። በማኅበር ውስጥ ቃል የገባችሁትን ሥራ ካልሠራችሁ ስማችሁ የሚጠፋው በሙያው ሰዎች ሁሉ ፊት ነው። ስለዚህ ሦስት ኮሚቴ ውስጥ ከመግባት አንዱን ይዞ መጨረስ ይሻላል። ትንሽ ልጅ ያላችሁ ወይም የሌሊት ሺፍት የምትሠሩ በዓመት አንድ ሥራ ብቻ ብትወስዱ ይበቃል። የአባልነት መዋጮና የጉባኤ ወጪ ከብዷችሁ እንደሆነ አሠሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። በደብዳቤው ላይ ከጉባኤው ምን ይዛችሁ እንደምትመለሱና ተመልሳችሁ ማንን እንደምታሠለጥኑ ጻፉ። አለቃ የሚፈርመው ለተቋሙ የሚያገኘው ነገር ሲታየው ነው።

መነሻ ቀን ለምትፈልጉ ሁለት አጋጣሚ አለ። በየዓመቱ በኦክቶበር ሦስተኛ ሳምንት የሚውለው ዓለም አቀፍ የኢንፌክሽን መከላከል ሳምንት አንዱ ነው፤ በ1986 በአሜሪካ የተጀመረ ነው። ሌላው የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ንጽህና ቀን ብሎ የሚያከብረው ሜይ 5 ነው። ሜይ 5 በእኛ ሚያዝያ 27፣ የአርበኞች የድል በዓል ነው፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፤ ዋርድ ግን አይዘጋም። ዝግጅቱን ከዋዜማው ብታደርጉት ኃላፊዎችም ይገኛሉ። ከኃላፊያችሁ ፈቃድ ይዛችሁ ከሳምንት በፊት በአንድ ዋርድ ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ፤ ሕመምተኛ ከመንካት በፊት፣ ንጹሕ ሥራ ከመጀመር በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነኩ በኋላ፣ ሕመምተኛውን ከነኩ በኋላ፣ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነኩ በኋላ ስንቱ እጁን አጸዳ? የማንንም ስም አትጻፉ። ውጤቱን በመጀመሪያ ለዋርዱ ሠራተኞች አሳዩ፤ ሳሙናው ከየት እንደራቀ፣ ሳኒታይዘሩ የት ቢሰቀል እንደሚሻል የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። ያን አስተካክላችሁ ከወር በኋላ እንደገና ቁጠሩ። ሁለቱን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ማኅበራችሁ ቀጣይ ስብሰባ ሂዱና ሰብሳቢውን አሥር ደቂቃ ጠይቁ።